ብረቱ ምን እንደሆነ ሳታውቁ አትበይዱት፤ ቅይጥ እንዴት ይመረመራል?

ባለፈው ክረምት አንድ አባት ከቆላ ድባ የተሰበረ የወፍጮ ዘንግ ይዘው ጎንደር አዘዞ ወዳለው ቶርኖ ቤታችን መጡ። ሌላ ቦታ አስበይደውት ሦስት ሳምንት እንኳ አልቆየላቸውም። አገላብጬ ሳየው ብየዳው ራሱ ደህና ነው። የተሰበረው ከብየዳው ጠርዝ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ዋናው ብረት ላይ ነው፣ ያውም ሳይጎብጥ እንደ ሸክላ ቀጭ ብሎ።

"ልጄ፣ ብረት ያው ብረት ነው። በይደውና ልሂድበት፤ ሰው እህሉን ይዞ በር ላይ ቆሞብኛል" አሉኝ።

"አባባ፣ ትንሽ ይታገሡኝ፤ መጀመሪያ ምን ዓይነት ብረት እንደሆነ እንይ" አልኳቸው።

ግራይንደሩን አስነሥቼ የዘንጉን ጫፍ ነካ አደረግሁት። ብልጭታው ገና ከድንጋዩ ሲወጣ ጀምሮ እየፈነዳ፣ እንደ ግራር ቅርንጫፍ እየተበተነ ሄደ። ቀጥዬ የፌሮ ቁራጭ ነካሁ። ይሄኛው ረጅም ቢጫ መስመር ነው፤ እዚህም እዚያም አንድ ሁለት ሹካ ብቻ ይታይበታል። አባባ ራሳቸው ጎንበስ ብለው እያዩ "ይሄማ ሌላ ነው!" አሉ። አዎ፣ ሌላ ነው። የዘንጉ ካርቦን ከፌሮው እጅግ ይበልጣል። ቀድሞ የበየደላቸው ሰው ግን እንደ ፌሮ ቆጥሮት ነው የበየደው። ካርቦን የበዛበት ብረት በብየዳ ግሎ ዙሪያው ባለው ቀዝቃዛ ብረት ቶሎ ሲበርድ፣ ከብየዳው አጠገብ ያለው ጠባብ ክፍል ይጠጥርና ይሰባበራል። የአባባ ዘንግ የተሰበረውም እዚያው ላይ ነው።

እኔ ኬሚስትሪ ተምሬ ነው አባቴ ቶርኖ ቤት የተመለስኩት። ጎበዝ በያጅ በከተማችን ሞልቷል። የያዘውን ብረት አውቆ የሚጀምር ግን ጥቂት ነው፤ ይሄ ነገር ሁሌም ያንገበግበኛል። ስለዚህ ጋራዥ ላላችሁ፣ ለምትበይዱ፣ ቁርጥራጭ ለምትገዙና አሉሚኒየም ለምታቀልጡ ሁሉ ምርመራውን ከርካሹ ጀምሬ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሚታወቅ ናሙና ሰብስቡ

ምንም መሣሪያ ሳትገዙ ይህን አድርጉ። አንድ ቁራጭ ፌሮ፣ አንድ ቁራጭ ባሌስትራ፣ ያረጀ ሞረድ፣ የተሰበረ የፍሬን ከበሮ፣ አንድ የስቴንለስ ማንኪያ ፈልጉና በሽቦ አንጠልጥላችሁ ግድግዳው ላይ ስቀሏቸው። ፌሮ ካርቦኑ ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ0.3 በመቶ አያልፍም። ባሌስትራ 0.6 በመቶ አካባቢ ነው። ሞረድ 1 በመቶና ከዚያ በላይ ይደርሳል። የፍሬን ከበሮው ደግሞ እኛ ጊዛ የምንለው፣ መጽሐፍ ካስት አይረን የሚለው ነው፤ ካርቦኑ ከ3 በመቶ በላይ ይሆናል። ብልጭታን ብቻውን አይታችሁ "ይሄ ይህን ያህል ካርቦን አለው" ማለት አትችሉም። ከሚታወቅ ነገር ጎን ለጎን ስታዩት ግን ዓይናችሁ በአንድ ሳምንት ይለምዳል።

ብልጭታውን ጥላ ውስጥ እዩት፤ ፀሐይ ላይ ቀለሙ ይጠፋል። ለሁሉም እኩል ጫኑ። ጊዛ አጭርና ቀላ ያለ መስመር አውጥቶ ጫፉ ላይ ጥቂት ይፈነዳል። ስቴንለስ አጠር ያለ፣ ብርቱካንማ፣ ሹካ የሌለው መስመር ይሰጣል። አሉሚኒየም፣ መዳብና ነሐስ ምንም ብልጭታ የላቸውም። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ብረት በሚሞረድበት ድንጋይ ላይ አሉሚኒየም አትንኩ። የአሉሚኒየም ብናኝ ከዝገት ጋር ተቀላቅሎ ብልጭታ ካገኘው ማንም የማያጠፋው እሳት ይሆናል። የዓይን መነጽርም እንዳትረሱ።

ማግኔት የሚነግራችሁና የማይነግራችሁ

ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይበቃል። ገበያ ላይ "ማግኔት ካልያዘው አንደኛ ስቴንለስ ነው" ሲባል ትሰማላችሁ። በዚህ ብዙ ሰው ተታሏል። 304 የሚባለው ስቴንለስ 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለበት፤ ማግኔት አይዘውም። 201 የሚባለው ደግሞ ኒኬሉ ግማሽ ያህል ተቀንሶ በምትኩ ከ5.5 እስከ 7.5 በመቶ ማንጋኒዝ ገብቶበታል። እሱንም ማግኔት አይዘውም! ሁለቱ በዓይን አይለዩም። 201 ጨውና አሲድ ያለበት ቦታ ላይ ግን ቶሎ ይዝጋል፤ ወተት ቤትና ጭማቂ ቤት የምትሠሩ ይህን ልብ በሉ። በተቃራኒው ማግኔት የሚይዘው 430 እውነተኛ ስቴንለስ ነው፤ ኒኬል ስለሌለው ብቻ ነው የሚይዘው። 304ም ቢሆን በታጠፈበትና በተቀጠቀጠበት ቦታ ትንሽ ይሳባል፤ ስለዚህ ጠፍጣፋው ላይ ነው መሞከር ያለባችሁ።

201ን ከ304 ለመለየት ጠብታና 9 ቮልት ባትሪ ያለው መመርመሪያ ይሸጣል። ጠብታው ወደ ቀይ ከዞረ ማንጋኒዙ ብዙ ነው ማለት ነው። ከላይ ክሮም የተቀባ ተራ ብረት መሆኑን ከጠረጠራችሁ ደግሞ በሞረድ ፋቅ አድርጋችሁ በውሃ የተሟሟ የመዳብ ሰልፌት ጠብ አድርጉበት። ተራ ብረት ከሆነ ወዲያው ቀይ የመዳብ ሽፋን ይለብሳል። ስቴንለስ እንዳለ ይቀራል።

በሚዛንና በአንድ ኩባያ ውሃ

እኔ በጣም የምወደው ይሄኛውን ነው። በእኛ ቋንቋ ነሐስ ስንል ሁለት ነገር እንቀላቅላለን። መዳብና ዚንክ ሲቀላቀሉ ብራስ፣ መዳብና ቲን ሲቀላቀሉ ብሮንዝ ነው። የቁርጥራጭ ነጋዴው ደግሞ ሦስተኛ ጣጣ አለበት፤ ነሐስ ብሎ የገዛው ቧንቧ ውስጡ የዚንክ ቅይጥ ሆኖ ይገኛል። ላዩ ክሮም ስለሆነ ሁሉም አንድ ዓይነት ያብረቀርቃል።

እንዲህ አድርጉ። ዕቃውን መዝኑና ግራሙን ጻፉ። ከዚያ ግማሽ የሞላ የውሃ ኩባያ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ዜሮ አድርጉት። ዕቃውን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አስገቡት፤ ታችና ጎኑን ግን አያስነኩት። አሁን ሚዛኑ የሚያሳየው ግራም የዕቃው ይዘት በሚሊ ሊትር ነው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ።

ከቅዳሜ ገበያ የመጡ ሁለት ቧንቧዎችን የመዘንኩበት ወረቀት አሁንም አለኝ። አንደኛው 340 ግራም ሆኖ ውሃ ውስጥ 40 አሳየ፤ 340 ለ40 ሲካፈል 8.5። ብራስ ነው። ሁለተኛው 268 ግራም፣ ውሃ ውስጥ እሱም 40፤ 6.7 መጣ። የዚንክ ቅይጥ ነው፣ አለቀ። በመጠን እኩል ናቸው፣ ብርሃናቸውም እኩል ነው፣ ዋጋቸው ግን የትና የት።

ለማነጻጸር ያህል አሉሚኒየም 2.7፣ ብረት 7.87፣ ብራስ ከ8.4 እስከ 8.7፣ ንጹሕ መዳብ 8.96፣ እርሳስ 11.34 ነው። ጊዛ ከብረት ቀለል ይላል፤ 7.2 አካባቢ። ሚዛናችሁ 1 ግራም ከሳተ ያ 8.5 ወደ 8.3 ወይም 8.7 ሊሄድ ስለሚችል ትልቅ ዕቃ መዝኑ፣ ወይም 0.1 ግራም የሚያነብ ሚዛን ፈልጉ። ቧንቧ ውስጥ የተደበቀ አየርም ያሳስታል። ላስቲኩንና ብሎኑን አውጡና ውሃው ውስጥ ነቅነቅ አድርጉት፤ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አየሩን ያስለቅቀዋል። ብራስንና ብሮንዝን ግን በዚህ አትለዩም፤ ቁጥራቸው ይቀራረባል። ለሱ አሲድ ያስፈልጋል።

አሲድ ስትነኩ

ይህን ክፍል የኬሚካል ልምድ የሌለው ሰው ብቻውን አይሞክረው፤ ከልቤ ነው። ናይትሪክ አሲድ መዳብን ሲያሟሟ የሚወጣው ቡናማ ጭስ ሳንባን ይጎዳል። ክፋቱ ደግሞ ወዲያው ላይታወቅ ይችላል፤ ሰውየው ደህና ነኝ ብሎ ቤቱ ከገባ ከሰዓታት በኋላ ትንፋሽ ያጥረዋል። ደጅ ላይ፣ ነፋሱን ከኋላችሁ አድርጋችሁ፣ በጓንትና በመነጽር ሥሩ። ሲቀጠንም አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል። ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም።

ምስር የምታህል ፍቅፋቂ በመስታወት ዕቃ አድርጉና እኩል ለእኩል በውሃ የቀጠነ ናይትሪክ አሲድ ጥቂት ጨምሩበት። ፈልቶ ሲያበቃ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ብራስ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ታች ነጭ ዱቄት ከዘቀጠ ግን ያ ቲን ነው፤ ቲን በናይትሪክ አሲድ ሳይሟሟ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ብሮንዝ ይዛችኋል ማለት ነው። ከጠራው ላይ ትንሽ ቀድታችሁ የቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ጠብ ስታደርጉበት ነጭ ደመና ከታየ እርሳስ አለበት። ሌላ ቀድታችሁ አሞኒያ ስትጨምሩበት ደግሞ መጀመሪያ የደፈረሰ ሰማያዊ ይሆንና ሲበዛበት ቀለም እንደተደፋበት ጥልቅ ሰማያዊ ይወጣል። ያ መዳብ ነው። ያን ሰማያዊ መጀመሪያ ተማሪ ሆኜ ያየሁበት ቀን አይረሳኝም። ቡናማ ብጥስጣሽ ከተንሳፈፈ ብረትም አለ።

መጠኑን ለማወቅ ላብ (ላቦራቶሪ) ውስጥ የቆየ ግን የታመነ መንገድ አለ። የሟሟው መዳብ ላይ ፖታሲየም አዮዳይድ ሲጨመር አዮዲን ይለቀቃል፤ አዮዲኑን በታይዮሰልፌት ጠብ እያደረግን፣ መጨረሻው ላይ ስታርች ጨምረን ሰማያዊው እስኪጠፋ እንቆጥራለን። 0.1 ሞላር ታይዮሰልፌት ከሆነ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 6.355 ሚሊ ግራም መዳብ ማለት ነው። 0.200 ግራም ብራስ ብታሟሙና 19.5 ሚሊ ሊትር ቢወስድ 123.9 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 62 በመቶ መዳብ ነው። ከዚያ በፊት ግን የናይትሪኩ ቡናማ ጭስ ተፈልቶ ማለቅ አለበት፤ ከቀረ እሱም አዮዲን ስለሚለቅ መዳቡን ያበዛባችኋል። እዚህ ላይ ለጎንደር ልጆች አንድ ምክር አለኝ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። መጽሐፍ "ይህን ያህል ደቂቃ አፍሉ" ቢላችሁ ሰዓቱን አትመኑ፤ ጭሱ መጥፋቱን በዓይናችሁ አረጋግጡ።

አሉሚኒየም ለምታቀልጡ ቀለል ያለ ነገር አለ። በሞረድ የጠራ ቦታ ላይ 10 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ ለጥቂት ደቂቃ አድርጉበት። የመስኮት ፕሮፋይል ነጣ ብሎ ይቀራል፤ ሲሊከን የበዛበት ፒስተን ግን ይጠቁራል። ምንም አረፋ ካላወጣ ማግኒዚየም ሊሆን ስለሚችል እሳት እንዳታስጠጉት። ለድስት የምታቀልጡ ደግሞ እባካችሁ የባትሪ ጫፍ፣ በእርሳስ የተበየደ ራዲያተርና ቀለም የተቀባ ቁርጥራጭ አትጨምሩ። ካሜሩን ውስጥ ከቁርጥራጭ የተሠሩ ድስቶች ተመርምረው እርሳስ ወደ ምግብ እንደሚለቁ ታይቷል። እርሳስ ለሕፃን ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም የሚባል መጠን የለውም። ይህን በቤት ውስጥ ጠብታ ማረጋገጥ አይቻልም። ድስቱ ውስጥ 4 በመቶ አሴቲክ አሲድ ተፈልቶ ፈሳሹ ላብ መሄድ አለበት።

ናሙናው ከተበላሸ ማሽኑ ምን ያድርግ

ላብ የምትልኩ ከሆነ ዋናው ሥራ እናንተው እጅ ላይ ነው። ማሽኑ የሚነግራችሁ ስለላካችሁለት ፍቅፋቂ እንጂ ስለ ዘንጉ አይደለም። ቀለሙን፣ ዝገቱንና ቅባቱን አጽዱ። በንጹሕ ፑንታ ብሱና መጀመሪያ የወጣውን ጣሉት። ቀስ ብላችሁ፣ ያለ ዘይት ብሱ። ፍቅፋቂው ሰማያዊ ከሆነ ግሏል፤ እንደገና ጀምሩ። ቀልጦ የፈሰሰ ነገር ከሆነ ከአንድ ቦታ ብቻ አትውሰዱ። በተለይ እርሳስ ብራስ ውስጥ ሳይሟሟ ነጠብጣብ ሆኖ ስለሚቀመጥ አንዱ ቦታ ብዙ፣ ሌላው ትንሽ ሊሆን ይችላል። ሦስት አራት ቦታ በስታችሁ ቀላቅሉ፤ 10 ግራም ያህል ይበቃል። ፌስታሉ ላይ ከየት እንደተወሰደና ቀኑን ጻፉ። አንዴ ሁለት ናሙና ሳልጽፍበት ልኬ ውጤቱ ሲመጣ የቱ የቱ እንደሆነ ማወቅ አቅቶኝ ሁለቱንም እንደገና በስቻለሁ።

ማሽኖቹ በሦስት መንገድ ይሠራሉ። ሽጉጥ የሚመስለው ኤክስሬይ በሴኮንዶች ውስጥ ክሮሚየሙን፣ ኒኬሉን፣ መዳቡን ይነግራችኋል፤ ካርቦን ግን አያይም። የሚያነበውም ላዩን ብቻ ስለሆነ ክሮም የተቀባ ቧንቧ ሳይፋቅ ቢሰጡት ክሮሙን ያነብላችኋል። ብዙዎቹ ደግሞ ውጤቱን 100 እንዲሞላ አድርገው ያስተካክላሉ። ስለዚህ ድምሩ 100 መምጣቱ ልክ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ሁለተኛው በአርጎን ውስጥ ብረቱ ላይ ብልጭታ አስነሥቶ ብርሃኑን የሚያነበው ነው። እሱ ካርቦንም ያነባል፤ ጠፍጣፋ የተሞረደ ቦታ ይፈልጋል፣ የተቃጠለ ነጥብም ይተዋል። ለብረት ሥራ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ሦስተኛው አቶሚክ አብዞርፕሽን የሚባለው ነው። ናሙናው በአሲድ ሟሙቶ ነበልባል ውስጥ ይረጫል፤ ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ መብራት አለው። ለመዳብ 324.8 ናኖ ሜትር ላይ ይነበባል። ድስት ውስጥ እንዳለው እርሳስ በጣም ትንሽ መጠን ለማግኘት ይሄኛው ይመረጣል። የትኛውም ይሁን፣ ከናሙናችሁ በፊት ይዘቱ የተረጋገጠ ማመሳከሪያ ብረት አንብበው እንደሆነ ጠይቁ። አላነበብንም ካሏችሁ ገንዘባችሁን አትክፈሉ።

ውጤቱ ሲመጣ ለበያጅ የሚጠቅመው ስሌት አንድ ነው። ካርቦኑን ያዙ፤ ማንጋኒዙን ለ6 አካፍሉና ደምሩበት፤ የክሮሚየም፣ የሞሊብዲነምና የቫናዲየምን ድምር ለ5፣ የኒኬልና የመዳብን ድምር ለ15 አካፍላችሁ እሱንም ደምሩ። ከ0.45 ካለፈ ብረቱን ሳታሞቁ አትበይዱ።

የአባባን ዘንግ የዚያን ቀን የበየድኩት ይህ ቁጥር ሳይኖረኝ ነው፤ የነበረኝ ብልጭታው ብቻ ነው። ከፌሮ በላይ፣ ከባሌስትራ ትንሽ በታች ሆኖ ታየኝ። ስለዚህ መጀመሪያ እስከ 200 ዲግሪ አካባቢ አሞቅሁት፤ በደንብ በደረቀ 7018 ኤሌክትሮድ በየድኩት፤ እንደጨረስኩ በርሜል ሙሉ አመድ ውስጥ ቀበርኩት። አባባ ዘመድ ቤት አድረው ጠዋት ሲመጡ ዘንጉ አሁንም ለብ ያለ ነበር። ከበሳሁት ላይ ያስቀረሁትን ፍቅፋቂ ከሌሎች ናሙናዎች ጋር አዲስ አበባ ላክሁ። ካርቦን 0.46፣ ማንጋኒዝ 0.72፣ ክሮሚየም 0.10 ሆኖ መጣ። ሲሰላ 0.46 ሲደመር 0.12 ሲደመር 0.02፣ 0.60 ይሆናል።

ከዘንጉ ጫፍ የተቆረጠችውን ጣት የምታህል ቁራጭ አልጣልኳትም። 0.46 ብዬ በቀለም ጻፍኩባትና ሽቦው ላይ በፌሮውና በባሌስትራው መሀል አንጠለጠልኳት።